ወይን ወይን የሚሸት መንደር

ሳኬያሲ ከእህቱ ሻይ የሚጠይቀው በባሏ በኩል ነው። ሦስቱም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ኡናይሲ ምድጃው ጋ ቆማለች፣ ወንድሟ በሩ አጠገብ ሰሌን ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ባሏ ኤሞሪ ደግሞ መሃል ላይ ተንበርክኮ የጠፋች ካልሲውን ከሶፋው ሥር ይፈልጋል። ሳኬያሲ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «ኤሞሪ፣ ሻይ ይኖር ይሆን?» አለ። «ሻይ ይኖር ይሆን ይልሻል» አለ ኤሞሪ ከሶፋው ሥር። «ስኳር ስንት?» አለች ኡናይሲ ማንቆርቆሪያውን እያየች። «ስኳር ስንት ትልሃለች።» «ሦስት በላት።» «ሦስት ይልሻል። እኔ እኮ የአውቶቡስ ሹፌር እንጂ የስልክ እንጨት አይደለሁም!»

በናቱቫላ፣ ወንድምና እህቱ በተወለዱበት መንደር፣ ወንድና ሴት ልጅ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ከደረሱ በኋላ ወንድም ከእህቱ ጋር ፊት ለፊት አያወራም፤ ከአንድ ሳህን አይበላም፤ ገላን የሚመለከት ነገርማ ፊቷ አይነሳም። ተጣልተው አይደለም፣ ተከባብረው ነው። ወንድም ማለት ደግሞ ከአንድ ማኅፀን የወጣ ብቻ አይደለም፤ የአባት ወንድሞች ልጆች፣ የእናት እህቶች ልጆች፣ የእነሱም የሥጋ ዘመዶች ሁሉ ወንድም ናቸው፤ በዚህ ሒሳብ መንደሩ ውስጥ ለኡናይሲ ወንድም ያልሆነ ወንድ ፈልጎ ማግኘት አሳር ነው። ያለው አንድ ሰው ነው፤ የአባቷ እህት ልጅ፣ ኪቲዮኔ። የአባት እህት ልጅ ታቫሌ ይባላል፣ ታቫሌን መስደብ፣ ማብሸቅ፣ ከእጁ ላይ መንጠቅ ይቻላል፤ እንዲያውም ካልሰደቡት ይቀየማል። ኪቲዮኔን መስደብ ደግሞ ቀላል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር በጎማ ቦቲ የሚሄድ ሰው ስለሆነ መንደሩ በሙሉ «ቦቲ» እያለ ነው የሚጠራው። በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ወግ እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ሳኬያሲ ግን ሱቫ ሲመጣ ወጉንም ከጎደሬው ጋር አብሮ በጆንያ ይዞት ነው የሚመጣው፤ ኡናይሲም ውጭ ምንም ብትሆን ወንድሟ ፊት የናቱቫላ ልጅ ናት።

አሁን የመጣው ለእንግድነት አልነበረም። የሆድ ትል ማጥፊያ ዘመቻው መኪና ለየመንደሩ መድኃኒት ከማደሉ በፊት ማን ምን እንደተሸከመ መታወቅ ስላለበት፣ ከየሰው የሰገራ ናሙና ተጠይቋል። የናቱቫላን ብልቃጦች በበረዶ ሳጥን አሽጎ፣ ጭነት መኪና ላይ ጉልበቱ ላይ አቅፎ ትናንት ያመጣቸው ሳኬያሲ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ የምትመረምራቸው ደግሞ ኡናይሲ ናት። ትናንት ራይዋንጋ ሰፈር ያለውን የቤታቸውን ደረጃ ሲወጣ አየችው። ድሮ በራግቢ ሜዳ ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎበት የሚሮጥ ሰው፣ ደረጃው አጋማሽ ላይ ሁለቴ ቆሞ አለከለከ። ከንፈሩ ገርጥቷል፣ ጥፍሩ ነጥቷል። ምን ሆነሃል ልትለው አትችልም፤ በኤሞሪ በኩል ብታስጠይቀው «ደህና ነኝ በላት» ብሎ ዘጋው። ሌሊቱን ይህን ስታስብ ነው ያደረችው።

«ኤሞሪ፣» አለ ሳኬያሲ ሻዩን እያማሰለ፣ «ያንን… ያመጣሁትን እንትን… እዚያ ቤት የሚከፍተው ሌላ ሰው የለም ወይ በላት።»

«ራሴ ነኝ አንድ በአንድ የምከፍተው በለው። የአገሬ ሰው ናሙና ነው፤ ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም በለው» አለች ኡናይሲ፣ ደስ የሚለው መስሏት። ሳኬያሲን ሻዩ ትን አለው። ኤሞሪ ጀርባውን ደበደበለት፣ ካልሲውንም እዚያው እሱ የተቀመጠበት ሰሌን ሥር አገኛት።

ላብራቶሪው ከወደቡ በላይ ባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነው፤ ጣሪያው ዝናብ ሲጥል ሌላ ሰው የማያሰማ፣ ወለሉ በመድኃኒት የታጠበ። አለቃዋ እትዬ ቪምላ ትባላለች፤ ሱቫ ተወልዳ ሱቫ ያረጀች ሕንዳዊት፣ ጡረታዋ የደረሰ፣ በዚህ ዓለም ላይ ከልጆቿ ቀጥሎ የምትወደው አንድ ዲፕ ፍሪዝ ያላት ሴት። እዚያ ውስጥ የብዙ ዓመት ባክቴሪያ ብርዱ እንዳይገድለው ግሊሰሪን ጠጥቶ፣ ትናንሽ ቱቦ ውስጥ ተኝቷል። አይሞትም፤ በፈለጉት ጊዜ አውጥተው ቢያሞቁት ይነቃል። መብራት ሲጠፋ እትዬ ቪምላ የሠርጓን ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥን አውጥታ ፍሪዙን ታለብሰዋለች፤ መብራት እስኪመጣ ድረስም ማንም እጀታውን እንዲነካ አትፈቅድም።

ኡናይሲ ትናንት ናሙናዎቹን በማይክሮስኮፕ ስታይ ነገሩ ግር ብሏት ነበር። የሴቶቹ ብልቃጥ እንደተፈራው ነው፤ ወስፋቱም፣ የመንጠቆ ትሉም እንቁላሉን አፍስሶበታል። የወንዶቹ ግን ንጹሕ ነው። አንዱ አይደለም፣ ሁለቱ አይደለም፤ ሠላሳ ምናምኑም ንጹሕ። እነሱ ውስጥ በትል ፋንታ የበዛው የፓፓዬ ፍሬ ነበር፤ ወቅቱ ነው ብላ አለፈችው። እዚያው ላይ ከየብልቃጡ ጥቂት ጥቂት ወስዳ፣ ባክቴሪያው እንዲበቅል ሳህን ላይ ቀብታ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አሳድራ ነበር። ዛሬ ጧት የሣጥኑን በር ስትከፍት ክፍሉን የወይን ሽታ ሞላው። የበሰለ ወይን! የወንዶቹ ሳህን ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሁሉም ወይን ወይን ይሸታል። ይህ ባክቴሪያ ከብዙ ጤነኛ ሰው አንዱ ሆድ ውስጥ ቢገኝ ነው፤ በአንድ መንደር ወንድ ሁሉ ሆድ ውስጥ ግን ተሰምቶም አይታወቅ። ደግሞ አንድ ቦታ አንብባለች፤ ይህ ባክቴሪያ ሳህን ላይ ጥቃቅን ትሎችን ይገድላል።

አንዱን ሳህን ይዛ ተጣራች። «እትዬ ቪምላ! ይምጡ፣ ያሽትቱ!»

እትዬ ቪምላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አሸተተች። «ወይን ነው።»

«የናቱቫላ ወንዶች ትሉን የሚገድል ባክቴሪያ አላቸው! ወንዶቹ ሁሉ! ወንድሞቼ!»

«ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ። ሴቶቹስ? የሚበሉት ከአንድ ድስት አይደለም?»

«ያንጎና ይሆናላ! ማታ ማታ ያንን ሥር በጥብጠው የሚጠጡት ወንዶቹ ናቸው።»

«ያንጎናማ ፊጂ በሙሉ ይጠጣል» አለች እትዬ ቪምላ፤ ኡናይሲ ግን አልሰማቻትም፣ ስልኩን አንስታለች። የዘመቻው ኃላፊ ዶክተር ኢኖኬ በሌላኛው ጫፍ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማል። እንደዚህ ከሆነ፣ አለ፣ የናቱቫላ ወንዶች መድኃኒት አያስፈልጋቸውም፤ እንዲያውም ይህን ጉድ ሳንበጠብጠው ብናየው ይሻላል፤ ሰኞ ከሚሄደው መኪና ላይ የወንዶቹን ድርሻ አወርዳለሁ፤ አንቺ የሁሉንም ባክቴሪያ አንድም ሳይቀር አስቀምጪልኝ። እትዬ ቪምላ ፊቷ ቅር እያለው የድሮ ቱቦዎቿን አሸጋሽጋ አንድ መደርደሪያ ለቀቀች። ኡናይሲ የአጎቶቿን ልጆች ስም አንድ በአንድ ቱቦ ላይ እየጻፈች፣ ግሊሰሪን እየጨመረች፣ መዝሙር እያንጎራጎረች ደረደረቻቸው። የሳኬያሲን ስም ስትጽፍ እጇ ትንሽ ቆመ። ንጹሕ ከሆነ ለምን ገረጣ? የምግብ ነገር ይሆናል አለችና ጻፈችው፤ ነገር ግን መዝሙሩ ከዚያ በኋላ አልተመለሰላትም።

ምሳ ላይ ለኤሞሪ ደወለች፤ ከሥራ ተለውጦ ቤት ገብቷል። ነገሩን ስትነግረው በደስታ ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ክፍሉ ዞሮ ሲጮህ ተሰማት፦ «ሳኬያሲ! ሰማህ? የናንተ ሆድ ወርቅ ነው! ለወንዶቹ መድኃኒት ቀርቷል! በረዶ ውስጥ አስቀምጣችኋለች!» ቆይቶ ኤሞሪ «ምን ሆነ ይሄ ሰው? ሸሚዙን ለብሶ ወጣ» አላት።

እትዬ ቪምላ የድንች ወጧን በሮቲ ቂጣ ጠቅልላ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳትውጥ በሩ ተንኳኳ። ሳኬያሲ ነው። የእሁድ ሸሚዙን ለብሷል፣ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቋል፣ ደረጃውን በመውጣቱ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ዐይኑ እህቱ ላይ እንዳያርፍ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አየ። ካላንደሩ ላይ የጥርስ ሳሙና ይዛ የምትስቅ ሕፃን አለች።

«እዚህ ቤት የሚያናግረኝ ሰው ይኖር ይሆን?» አላት ሕፃኗን።

እትዬ ቪምላ ወደ እሱ አየች፣ ወደ ኡናይሲ አየች። ዕድሜዋን በሙሉ ሱቫ የኖረች ሴት ናት፤ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ሮቲዋን አስቀመጠች። «እኔ አለሁ፣ ልጄ። ሌላ ሰው የለም። አንቺ ልጅ፣ አንቺ የለሽም።»

«የለሁም» አለች ኡናይሲ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

«እንግዲያው ለእህቴ ይንገሩልኝ፣ እናቴ። ብልቃጦቹ የኛ አይደሉም።»

«የማን ናቸው?»

«የኪቲዮኔ።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም።»

ሳኬያሲ ጉሮሮውን ጠረገና ለሕፃኗ ተናዘዘ። «ያን ምሽት ያንጎናው ተበጥብጦ፣ ብልቃጡ ታደለን። መልካም፣ ለጤናችን ከሆነ እንሰጣለን አልን። ኋላ አንዱ ‹ለመሆኑ ሱቫ ላይ ማን ነው የሚከፍተው?› አለ። ‹ኡናይሲ ናታ› ተባለ። ከዚያ በኋላ የሚጠጣም የሚናገርም ጠፋ። እርስዎ ይፍረዱኝ እናቴ፤ ቀና ብዬ ፊቷን የማላያትን እህቴን፣ እንዴት ብዬ ያንን ላሳያት? ያውም በማጉያ መነጽር! ሁላችንም ወንድሞቿ ነን። ኪቲዮኔ ብቻ ነው ታቫሌዋ። ‹አምጡ› አለ፣ ‹እኔ ለእሷ ይህን መላኬ ሰላምታ ነው፤ ለሁላችሁም እሰጣለሁ።› ቀናት ፈጀበት። ሥራው እንዳይቋረጥ መንደሩ በሙሉ መገበው፤ ጎደሬው፣ ዓሣው፣ ፓፓዬው… ወፍሯል። የመድኃኒቱ ነገር እንዲህ ይሆናል ብለን አላሰብንም። ጧት ልናገር ነበር፣ ግን ለኤሞሪ የነገሩት አውቶቡሱ በሙሉ ይሰማዋል።»

እትዬ ቪምላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ከዳት፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኡናይሲ ጀርባዋን እንደሰጠች ፊቷ በእፍረት ነደደ። ስም እየጻፈች፣ መዝሙር እየዘመረች፣ ለሠላሳ ምናምን ወንዶች ቦታ አስለቅቃ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ያስተኛችው አንድ ኪቲዮኔን ነው። ለዶክተሩም ደውላለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣባት፤ ያንጎናውን ከበው፣ ስሟ ሲነሳ አንገታቸውን የደፉት እነዚያ ግዙፍ ወንዶች ታዩዋት። ከመንደር ከወጣች ስንት ዓመቷ ነው፣ ረስተውኛል ትል ነበር፤ እነሱ ግን በሽታቸውን ተሸክመው መቅረትን መርጠዋል እንጂ አላዋረዷትም። ዐይኗ እንባ ሞላ፣ ያኔውኑ ደግሞ የኪቲዮኔ መወፈር ትዝ ሲላት ሳቋ አመለጣት።

«የለችም ብዬህ ነበር፣ ይቅርታ፣ የሳቀው ሌላ ሰው ነው» አለች እትዬ ቪምላ።

«እትዬ ቪምላ፣» አለች ኡናይሲ ዐይኗን እየጠረገች፣ «ለምን ገረጣህ ብለው ይጠይቁልኝ።»

«ለምን ገረጣህ?»

«እንጃ፣ እናቴ» አለ ሳኬያሲ። «እርሻ ላይ ይደክመኛል። ሰው ሳያየኝ እተኛለሁ።»

እትዬ ቪምላ ከመሳቢያዋ አዲስ ብልቃጥ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በግራ ነው። የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ስምም አንጽፍበትም። እኔ እህትህ አይደለሁም፤ አያትህ ልሆን ምንም አልቀረኝ። ሂድ!»

ከተመለሰ በኋላ እትዬ ቪምላ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ሥራዋ ማየት የሆነው ኡናይሲ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳታይ ታገለች፤ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች፣ ያንኑ እንደገና አጠበች። «መንጠቆ ትል» አለች እትዬ ቪምላ። «ብዙ ነው?» «ገበያ ነው።» ኡናይሲ ብርጭቆውን አስቀምጣ ተነፈሰች። ደሙን እየመጠጠ ያገረጣው ይኸው ነው፣ መድኃኒት ያለው ነገር ነው። እትዬ ቪምላ ወረቀት ጽፋ ታች ካለው ክሊኒክ ሰደደችው፤ ኪኒኑን እዚያው ውጦ፣ የደም ማነስ መድኃኒቱንም በከረጢት ይዞ ተመልሶ ለካላንደሯ ሕፃን «ዋጥኩት» አላት።

አሁን የቀረው ዶክተሩ ነው። ኡናይሲ ቁጥሩን መታች። «ዶክተር፣ ያ ግኝት… አንድ ሰው ነው።» «አንድ ሰው ማለት?» ነገረችው። ዶክተር ኢኖኬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እሱም የደሴት ልጅ ነው። «እኔስ ብሆን!» አለ። «እህቴ ማይክሮስኮፕ ይዛ ብትጠብቀኝ እኔም ኪቲዮኔን ነበር የምፈልገው። የወንዶቹን መድኃኒት አሁኑኑ መኪናው ላይ አስጭናለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ ብልቃጥ ከመላካችን በፊት ማን የማን እህት እንደሆነ እንጠይቃለን።»

ከሰዓት በኋላ ኡናይሲ ቱቦዎቹን ከዲፕ ፍሪዙ እያወጣች ወደሚወገደው ባልዲ ጣለች፤ እትዬ ቪምላም ፊቷ በርቶ የድሮዎቹን ቦታቸው መለሰች። አንዷን ቱቦ ግን ኡናይሲ አስቀረች፤ የነበረውን ስም ፍቃ «ቦቲ» ብላ ጻፈችባትና ወደ መንደሩ ሱቅ ደወለች። ኪቲዮኔ ሱቁ በር ላይ ነበር፣ መቼም ከዚያ አይጠፋም።

«ታቫሌዬ! ሰላምታዬ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ፣ አንተ ቆሻሻ! ሙሉ መደርደሪያ ሞላህብኝ እኮ!»

«ለአንቺ ከሆነ ገና እጨምርልሻለሁ። የት አስቀመጥሽኝ?»

«ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ። ከሞትክ በኋላም እዚያ ነህ።»

«እንግዲያው ቦቲዬን አድርጊልኝ፤ ብርድ አልችልም።»

ስልኩን ዘግታ ስትስቅ ቆየችና ድንገት ሳቋ ቆመ። ሁሉም በባዶ እግሩ እርሻ ሲረግጥ፣ መንጠቆ ትሉ ከጭቃው በውስጥ እግሩ ሲገባ፣ መንደሩ ሲስቅበት የኖረው ሰውዬ ብቻ ንጹሕ ነው። ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ገበያው ጀርባ ባለው የእርሻ ዕቃ ሱቅ ጥቁር የጎማ ቦቲ ሠላሳ ሁለት ዶላር ነው፤ ተከራክራ በሃያ ስምንት ወሰደችው። ቁጥሩን አታውቀውም፤ የወንድምን እግር ማን አይቶ? «ትልቅ» አለች፣ «በጣም ትልቅ።»

ቤት ስትደርስ ሳኬያሲ ጆንያውን አስሯል፤ ወደ አገር የሚሄደው ጭነት መኪና ሳይመሽ ከገበያ ይነሳል። ቦቲውን ደፉ ላይ፣ ከእሱ ያለቀ ነጠላ ጫማ አጠገብ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጋ አስቀምጣ፣ አንድም ቃል ሳትናገር ጓዳ ገባች። ከጓዳ ሆና የሚንሿሿ ድምፅ ሰማች፣ ከዚያ ትግል፣ ከዚያ ማቃሰት።

«ኤሞሪ፣ ጠበበኝ በላት።»

«ጠበበኝ ይልሻል።»

«ይለምዳል በለው።»

«ይለምዳል ትልሃለች።»

በመስኮት አየችው። የእሁድ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ጥቁር ቦቲው በየእርምጃው እየጮኸ ደረጃውን ይወርዳል፤ ነጠላ ጫማው በጆንያው አፍ ብቅ ብሏል። ጎረቤቶች ከየበራቸው ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። ታች ደርሶ ቆመና ወደ ላይ ሳያይ ተጣራ።

«ኤሞሪ! ለእህቴ ንገራት!»

«ምን ልበላት?»

ሳኬያሲ ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ትንሽ አሰበ።

«በቃ፣ ንገራት!» አለና ሄደ።

ኤሞሪ ግራ ገብቶት ወደ ጓዳው ዞረ። «ንገራት ይልሻል። ምን እንደሆነ እንጃ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ኡናይሲ።